አንድ ሊትር ነዳጅ ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል?

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ

መኪና ያላቸው ሰዎች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ ከሚጠያየቋቸው ነገሮች አንዱ «ያንተዋ በሊትር ስንት ትሄዳለች?» የሚለው ነው። መልሱም ሳይዘገይ ይሰጣል። አንዱ አሥር ይላል፤ ሁለተኛው አሥራ ሁለት ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ እንዳይበለጥ ብሎ አሥራ ስድስት ያደርሰዋል። ነገር ግን ቍጥሩን እንዴት እንዳገኙት ቢጠየቁ አብዛኞቹ ከሻጩ የሰሙትን የሚደግሙ ሆነው ይገኛሉ። እኔም ነገሩን እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ እንደ ጨዋታ እቈጥረው ነበር። በኋላ ግን በአንድ የማካፈል ሒሳብ ስሕተት ምክንያት አንድ ሰው ከእንጀራው ሊፈናቀል ሲል ስላየሁ፥ ስሌቱን በሚገባ ተምሬ ለጓደኞቼና ለወላጆች ላቀርበው አሰብሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ከአዲስ አበባ አዳማ የምትመላለስ በናፍጣ የምትሠራ አንዲት ሚኒባስ አለቻቸው። የሚነዳትም የሰፈራችን ልጅ የሆነ ወጣት ሾፌር ነው። አጎቴ ጥንቁቅ ሰው ስለሆኑ ሾፌሩ ነዳጅ በቀዳ ቍጥር የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብና የቀዳውን ሊትር በወረቀት እንዲጽፍ አዝዘውት ነበር። ሾፌሩም ታዝዞ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚከተለውን ጻፈ። ሰኞ ጧት ቆጣሪው 214,306 ሲል 46 ሊትር ቀድቶ ጋኑን ሞላ። ሐሙስ ቆጣሪው 214,644 ሲል 38 ሊትር ቀድቶ ሞላ። ቅዳሜ ማታ ቆጣሪው 215,017 ሲል 41 ሊትር ቀድቶ እንደገና ሞላ።

አጎቴ ወረቀቱን ተቀብለው ሊትሮቹን ደመሩ፤ 46 እና 38 እና 41፥ ጠቅላላው 125 ሆነ። ከመጨረሻው የቆጣሪ ንባብ የመጀመሪያውን ቢቀንሱ መኪናዋ የሄደችው 711 ኪሎ ሜትር ነው። 711ን ለ125 ሲያካፍሉት በሊትር 5.7 ኪሎ ሜትር ወጣ። ተመሳሳይ ሚኒባስ ያለው ጓደኛቸው ግን «በሊትር አሥር ትሄዳለች» ብሏቸው ነበርና ፊታቸው ተለዋወጠ። በአሥር ብትሄድ ኖሮ 711 ኪሎ ሜትር የሚፈልገው 71 ሊትር ብቻ ነው። እንግዲህ 54 ሊትር ናፍጣ የት ገባ? በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ነዳጅ ዋጋ ከ50 ብር በታች እንደ ነበረ፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 100 ብር እንደ ደረሰ የሚያስታውስ ሁሉ የአጎቴን ድንጋጤ ይረዳዋል። ሊትሩን በ100 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ በአንድ ሳምንት የጠፋው 5,400 ብር ሊሆን ነው። በእሳቸው አሳብ ነዳጁ በጀሪካን እየተቀዳ ይሸጣል። ሾፌሩ ተጠርቶ መጣና ወረቀቱ ፊቱ ላይ ተዘረጋለት።

«ጋሼ፥ እኔ አንዲት ጠብታ አልነካሁም» አለ።

«ቍጥሩ እኮ ያንተ ጽሑፍ ነው፤ እኔ የጨመርሁበት ነገር የለም» አሉት።

በእውነትም ቍጥሮቹ ሁሉ ልክ ነበሩ። ልክ ያልሆነው ድምሩ ነው። ይህን ለማስረዳት የእንሥራን ምሳሌ ብንወስድ ይቀላል። ጧት አፏ ድረስ የሞላች አንዲት እንሥራ ውኃ አለች እንበል። ቤተ ሰቡ ቀኑን ሙሉ ከእርሷ ሲጠጣ ይውላል። ማታ በጣሳ እየለካን እስክትሞላ ድረስ መልሰን ብንጨምርባት፥ የጨመርናቸው ጣሳዎች ቍጥር ቀን የተጠጣውን ውኃ በትክክል ይነግረናል። ጧት ስንሞላት ያፈሰስነው ውኃ ግን የትናንትናውን ጉድለት የሞላ ነው፤ በዛሬው ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

የመኪናም ጋን እንደ እንሥራዋ ነው። ሰኞ ጧት የተቀዳው 46 ሊትር ባለፈው ሳምንት የተቃጠለውን የተካ ነው። ጋኑ ሰኞ ጧት ሙሉ ነበረ፤ ቅዳሜ ማታም ሙሉ ሆነ። ስለዚህ በመካከሉ የተቃጠለው ነዳጅ ሐሙስና ቅዳሜ የተጨመረው ብቻ ነው፤ ይኸውም 38 ሲደመር 41፥ እኩል ይሆናል 79 ሊትር። 711 ለ79 ሲካፈል 9.0 ይወጣል። ሦስት ጊዜ ተቀድቷል፤ የተሄደበት ጊዜ ግን ሁለት ብቻ ነው። ይህ አጥር የሚያጥር ሰው ሦስት ምሰሶ ተክሎ በመካከላቸው ሁለት ክፍት ቦታ ብቻ እንደሚያገኘው ያለ ነገር ነው። በትምህርት ቤታችን የሒሳብ ደብተር ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት አንድ ነጥብ ያስቀንስ ይሆናል፤ በአጎቴ ቤት ግን የአንድ ሰው ስም ሊያስጠፋ ደርሶ ነበር።

እንግዲህ የስሌቱ ሥርዓት ይህ ነው። አስቀድሞ ጋኑን እስከ አፉ ሞልቶ የቆጣሪውን ንባብ መጻፍ፤ ያን ጊዜ የተቀዳውን ሊትር ግን ከሒሳብ ማውጣት። ከዚያ በኋላ እንደ ልማድ እየነዱ፥ የተቀዳውን ሊትር ሁሉ ሳያስቀሩ መመዝገብ። በመጨረሻም እንደገና እስከ አፉ ሞልቶ ንባቡን መጻፍና የተሄደውን ኪሎ ሜትር ከመጀመሪያው በቀር ለተቀዳው ሊትር ማካፈል። በመካከል ጋኑ ሳይሞላ አሥር ወይም ሃያ ሊትር ብቻ ቢቀዳ ጉዳት የለውም፤ ይመዝገብ እንጂ። መጀመሪያውና መጨረሻው ግን የግድ ሙሉ መሆን አለባቸው። ከመሪው ፊት ያለው የነዳጅ መርፌ ግማሽ ወይም ሩብ ስላለ በእርሱ መለካት አይቻልም፤ የጋኑ ቅርጽ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አይደለምና መርፌው ግማሽ ሲል በጋኑ ውስጥ ግማሽ ላይኖር ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጠያቂ «ሙሉ የሚባለውስ ምን ያህል ሙሉ ነው?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። የማደያው መቅጃ ነዳጁ አፉ ሲደርስ በራሱ ቀጭ ብሎ ይዘጋል። ነገር ግን መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለች እንደ ሆነ ወይም ናፍጣው አረፋ ያነሣ እንደ ሆነ አንድ ሊትር ያህል ሳይሞላ ሊዘጋ ይችላል። አሁን ይህችን አንድ ሊትር እንመዝናት። አንድ ሰው 5 ሊትር ብቻ በምታስቀዳ አጭር ጉዞ ቢለካ የአንድ ሊትር ስሕተት ከመቶ ሃያ እጅ ነው፤ እንዲህ ያለው ልኬት ከግምት አይሻልም። በ79 ሊትር ውስጥ ግን ያችው ስሕተት ከመቶ አንድ እጅ ከጥቂት ብቻ ትሆናለች። ከዚህም ሌላ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ሐሙስ ዕለት ጋኑ በአንድ ሊትር ጎድሎ ቢዘጋ፥ ያች የጎደለችው ሊትር ቅዳሜ ተጨምራ ትገባለች፤ ስለዚህ በሳምንቱ ድምር ላይ ምንም ለውጥ አታመጣም። የመካከለኛው ሙሌት ስሕተት ራሱን በራሱ ያጠፋል ማለት ነው፤ የሚቀረው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ቀን የተመዘገበ ሒሳብ ከአንድ ቀን ሒሳብ እጅግ ይበልጣል።

አጎቴ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ወረቀቱን እንደገና አንሥተው «ታዲያ ከሰኞ እስከ ሐሙስ 8.9፥ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ 9.1 ለምን ሆነ?» ብለው ጠየቁ። ምስጋና ለማካፈል ይግባውና አሁን እሳቸውም ማስላት ጀምረዋል። 338 ለ38 በእርግጥ 8.9 ነው፤ 373 ለ41 ደግሞ 9.1 ነው። ነገር ግን ሐሙስ ዕለት ከተቀዳው ላይ አንድ ሊትር ብንቀንስ 338 ለ37 ሲካፈል እርሱም 9.1 ይሆናል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መቅጃው ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከመዘጋቱ የሚበልጥ አይደለምና በእርሱ ሰውን መጠርጠር አይገባም።

የሊትሩ ነገር እንዲህ ከሆነ የኪሎ ሜትሩስ? ቆጣሪው መንገዱን አይለካም፤ የሚቈጥረው የጎማውን ዙር ነው። ጎማው ሲያልቅ ክቡ ያንሳልና ያንኑ መንገድ ለመሄድ ብዙ ጊዜ ይዞራል። ከዳር እስከ ዳር 65 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ ጥርሱ 6 ሚሊ ሜትር ቢያልቅ፥ ከሁለቱም ወገን ሲቈጠር 12 ሚሊ ሜትር ያጥራል፤ ይህም ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ነው። እኔና አንድ የክፍል ጓደኛዬ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠን የቆጣሪውን ንባብ ከእጅ ስልካችን ካርታ ጋር ብናስተያይ፥ ቆጣሪው 100 ሲል ስልኩ 98 አለን። እንግዲያውስ 711 የተባለው በእውነቱ 697 ያህል ነው፤ ለ79 ሲካፈል 8.8 ይሆናል። ይህን ስንናገር ሾፌሩ ደስ አላለውም፤ ደግነቱ ጎማውን መቀየር የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ሾፌሩ ያልሰረቀ ከሆነ አሥሩ ለምን ዘጠኝ ሆነ? ለዚህ መልስ ለማግኘት መንገዱን ራሱን መመልከት ያስፈልጋል። ከቃሊቲ ተነሥቶ አዳማ የሚወርድ መኪና ከፍታው በ500 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ሲመለስ ያንኑ 500 ሜትር ይወጣዋል። የፊዚክስ መምህራችን እንዳስተማሩን ክብደትን ወደ ላይ ለማንሣት የሚያስፈልገው ጉልበት የዕቃው መጠን በኪሎ ግራም፥ በስበት ልክና በከፍታው ተባዝቶ ይገኛል። ሚኒባሷ ከነሰዎቿ 3,000 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። የስበቱን ልክ 10 ብለን ብንይዝ 3,000 በ10 በ500 ሲባዛ 15 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 36 ሚሊዮን ጁል ያህል ይሰጣል። ነገር ግን ሞተሩ ከዚህ ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከመቶ 30 ያህሉን ነው ብንል ወደ 11 ሚሊዮን ጁል ብቻ ይቀራል፤ ሌላው በራዲያተሩና በጭስ መውጫው ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። 15ን ለ11 ስናካፍል 1.4 ሊትር እናገኛለን። አንድ ሰው ከአዳማ ሲመለስ ዳገቱን ለመውጣት ብቻ የሚከፍለው ይህ ነው።

«ቁልቁለቱ ይመልሰዋል» የሚል ይኖራል። በከፊል እውነት ነው፤ በሙሉ ግን አይደለም። በቁልቁለት ፍሬን በተያዘ ቍጥር ያ በዳገት የተገዛ ጉልበት ፍሬኑን ማሞቂያ ሆኖ ይቀራል። ከዚህም የተነሣ ወደ አዳማ ሲወርድ ብቻ የተለካ ቍጥር ያሞግሳል፤ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ብቻ የተለካ ደግሞ ያሳጣል። ልኬቱ ደርሶ መልስ መሆን አለበት።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ አንድ ክፉ ልማድ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። አንዳንድ ነጂዎች ነዳጅ ለመቈጠብ ብለው ቁልቁለት ላይ ማርሹን አውጥተው በፎሌ ይለቃሉ። ይህ በጥንቱ ካርቡራቶር ዘመን ጥቂት ጥቅም ነበረው ይባል ይሆናል። በዛሬዎቹ መኪናዎች ግን ማርሽ ውስጥ እንዳሉ እግርን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲያነሡ ነዳጁ ጭራሽ ይቋረጣል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ጥቂት ጥቂት ነዳጅ መጠጣት አለበት። ስለዚህ በፎሌ የሚወርድ ሰው ነዳጁንም ያወጣል፥ ሞተሩ መኪናዋን መያዙንም ያጣል፥ ፍሬኑንም ያግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ በመጨረሻ መያዝ ያቆማል። በዚያች መኪና ውስጥ የተሳፈሩት የእኛው እናቶችና ወንድሞች ናቸው።

ሁለተኛው የነዳጅ ማለቂያ ቆሞ መጠበቅ ነው። ሞተሩ ሳይጠፋ በመናኸሪያ ተራ መጠበቅ፥ ወይም በከተማው መጨናነቅ ውስጥ መንቀርፈፍ፥ እንደ ሞተሩ ትልቅነት በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይወስዳል። በዚያን ጊዜ የሚሄደው ኪሎ ሜትር ዜሮ ነው። ሦስተኛው ፍጥነት ነው። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋልና፥ በሰዓት ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያሳደገ ሰው ነፋሱ አንድ ተኩል እጥፍ ከፍ ብሎ ይገፋዋል። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ጊዜን ያሳጥራል፤ እግርን ማክበድም ያስለምዳል።

ከዚህ በላይ ስለ ደርሶ መልስ የተናገርሁት አንድ ሌላ ወጥመድ ያስታውሰኛል። አንድ አሸዋ የሚያመላልስ ከባድ መኪና ጭኖ ሲሄድ በሊትር 2 ኪሎ ሜትር፥ ባዶውን ሲመለስ 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። አማካዩ ስንት ነው? በክፍላችን ይህን ጥያቄ ብጠይቅ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሦስት» አለ። እንግዲህ 100 ኪሎ ሜትር ቢሄድና 100 ቢመለስ፥ ሲሄድ 50 ሊትር ሲመለስ 25 ሊትር፥ በጠቅላላው 75 ሊትር ያቃጥላል። 200 ለ75 ሲካፈል 2.67 እንጂ ሦስት አይደለም። ሦስት ነው ብሎ የቈረጠ ባለ ንብረት 67 ሊትር ሰጥቶ ቢልከው ሾፌሩ ስምንት ሊትር አንሶት መንገድ ላይ ይቆማል፤ ከዚያም ሌባ ይባላል። «በሊትር ይህን ያህል» የሚባሉ ቍጥሮችን ደምሮ ለሁለት ማካፈል አይቻልም። ኪሎ ሜትሩን ለብቻ፥ ሊትሩንም ለብቻ ደምሮ ከዚያ በኋላ ማካፈል ነው እንጂ።

የአውሮፓ አገሮች ብዙዎቹ ይህን ችግር አስቀድመው ስለሚያውቁት ይመስላል፥ ስሌቱን ገልብጠው «በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር» ይላሉ። የእኛዋ ሚኒባስ በዚህ አነጋገር በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ትጠጣለች። በዚህ መንገድ ሲታይ ቍጠባው በትክክል ይታያል። ለምሳሌ በሊትር 5 የምትሄድ መኪና ተጠግና 6 ብትሄድ በ600 ኪሎ ሜትር ውስጥ 120 ሊትር የነበረው 100 ሆኖ 20 ሊትር ይተርፋል። በሊትር 15 የምትሄድ ትንሽ አውቶሞቢል በ20 በምትሄድ ብትለወጥ ግን 40 የነበረው 30 ሆኖ የሚተርፈው 10 ሊትር ብቻ ነው። የመጀመሪያው በአንድ፥ ሁለተኛው በአምስት ቢጨምርም ትርፉ ያለው ከመጀመሪያው ነው። ካንዴላና የአየር ማጣሪያ ለመቀየር ገንዘብ ያነሰው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ብዙ የምትጠጣዋን መኪናውን ያስጠግን።

ከአሜሪካ የመጡ ዘመዶች ደግሞ «በጋሎን 30 ማይል ትሄዳለች» ሲሉ እንሰማለን። የአሜሪካ ጋሎን 3.785 ሊትር፥ ማይሉም 1.609 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ይህ በሊትር 12.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእንግሊዝ ጋሎን ግን 4.546 ሊትር ነውና ያው 30 ማይል በእርሱ ሲሰላ 10.6 ብቻ ይሆናል። ጋሎኑ የማን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ መከራከር ከንቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በከተማችን የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ከዚህ ሒሳብ አያመልጡም፤ በሊትር ፈንታ ኪሎ ዋት ሰዓት ይጻፍ እንጂ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ተጀምሮ ሙሉ ሆኖ ማለቁ ያው ነው።

ወደ አጎቴ ልመለስ። ሒሳቡን ሁሉ ከጨረስን በኋላ ወደዚያ «በሊትር አሥር» ወዳሉት ጓደኛቸው ደውለው እንዴት እንደ ለኩት ጠየቋቸው። ሰውዬው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እኔማ አልለካሁም፤ ስገዛት ሻጩ ነግሮኝ ነው» አሉ። አጎቴ ስልኩን ዘግተው ሾፌሩን ቡና እንዲጠጣ አስቀመጡት። ይቅርታ ሲጠይቁት አልሰማሁም፤ ነገር ግን በማግሥቱ ሁለት አዲስ ጎማ ገዙ።

አሁን በሚኒባሷ በር ኪስ ውስጥ አንድ ባለ መስመር ደብተር ይቀመጣል። ዓምዶቹ አራት ናቸው፤ ቀን፥ የቆጣሪ ንባብ፥ ሊትርና ብር። የሚጽፈው ሾፌሩ ነው፤ በየሳምንቱ የሚያካፍሉት አጎቴ ናቸው። በመጀመሪያው መስመር ላይ፥ በሊትሩ ዓምድ ውስጥ፥ ሾፌሩ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ሰረዝ ብቻ አድርጎበታል።